ለኮኮ ፋርም ሰዎች ምስጋና፣ ለወገኖቼም ጥቆማ

ጃፓን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የምታሳድጉ፣ እባካችሁ ቶቺጊ ግዛት፣ አሺካጋ ከተማ ያለውን ኮኮ ፋርም የወይን ጠጅ መጥመቂያ ሄዳችሁ እዩ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እኔ ልቤ ሞልቶ ነው የተመለስኩት።

ልጄ ጎረምሳ ነው። ደስ ሲለው ይጮኻል፣ ያገኘውን ሁሉ ይደበድባል። በዚህ የተነሣ ከስንት ቦታ አንገታችንን ደፍተን እንደ ወጣን እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ምግብ ቤት ያዘዝነው ሳይቀርብ እጅ ነስተው ሸኝተውናል፤ እንዲያ ያለ ትሕትና ከስድብ ይብሳል። ሥራ ያለማምዳል የተባለ ማዕከል ደግሞ ጥግ አስቀምጦ ወረቀት ሲያስቀድደው ከረመ። ብጠይቃቸው «እሱ የሚችለው ይህንኑ ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሺካጋ ስንደርስ ከወይኑ ተክል መሐል የጣሳ ድምፅ ይሰማል። ዳገቱ 38 ዲግሪ ያዘነበለ፣ ቆሞ ለማየት እንኳን የሚያስፈራ ነው። አናቱ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጣሳ ይመታሉ። ፍሬውን ከቁራ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ልጄ ናቸው። ልጄ ድምፁን ሲሰማ መጮኽ ጀመረ። አፉን ልይዝ ስል አብራን የነበረችው ሠራተኛ እጄን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ሄዳም ጣሳና ዱላ አምጥታ ሰጠችው። ሰውየው ከላይ ሲመቱ ልጄ ከታች ይመልሳል። ቁራዎቹ ግር ብለው ሲነሡ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችውና «ስለ ሥራህ እናመሰግናለን» አለችው። ልጄን ስለ ሥራው ያመሰገነው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ይህንን ዳገት በ1958 እ.ኤ.አ. መንጥረው ወይን የተከሉት ካዋዳ ኖቦሩ የተባሉ የልዩ ትምህርት መምህርና ተማሪዎቻቸው ናቸው። መጥመቂያው በ1980 ሲቋቋም ገንዘቡን ያዋጡት ወላጆች ናቸው። ወላጆች! በ2000 የቡድን ስምንት መሪዎች ኦኪናዋ ላይ ሲሰበሰቡ እራት ላይ የቀረበው ኖቮ የተባለው አረፋማ ወይን ጠጅ ከዚህ የሄደ ነው። ስለ አጠማመቁ ብዙ አስረዱን፣ አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ ጠርሙሶቹን ቀን በቀን፣ ጥቂት በጥቂት በእጃቸው የሚያዞሩት እነዚሁ ሌላ ቦታ «አይችሉም» የሚባሉ ሰዎች መሆናቸው ነው። ማንም ደግሞ አዝኖላቸው አይገዛም፤ ጥሩ ስለሆነ ነው የሚገዛው።

ከአሳኩሳ በቶቡ ባቡር አሺካጋሺ ወርዳችሁ ታክሲ ያዙ። በኅዳር የመኸር በዓል አላቸው፣ እንግዳው ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል። ወይን ጠጅ የማትቀምሱም ሂዱ፣ ምግብ ቤት አላቸው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ድምፃቸው ከፍ ቢል አትሳቀቁ። ያቺን ሠራተኛ ካገኛችኋት፣ ጣሳ የሰጠችው ልጅ እናት ዘወትር እንደምትመርቃት ንገሩልኝ።