ስድስት ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል፦ የአንድ ተመራቂ ግምገማ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ በምርምር ላይ ለተመሠረተ ሁለተኛ ዲግሪ ተምሬያለሁ። የምወቅሰው ነገር ስላለ የትምህርት ክፍሉን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉዳዮችም ወደ የትኛውም የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ለመግባት የሚያስብ ሰው ቢያውቃቸው የሚጠቅሙት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ የምርምር ሥልጠናው፣ ቢያንስ እኔ በነበርኩበት ቡድን፣ የሰውን አስተሳሰብ የሚለውጥ ነው፤ የቤት ሥራና የፈተና እርማቱ ግን ደካማ ሲሆን የአማካሪ ምደባው ለዕድል የተተወ ነው።

አብዛኞቹ አመልካቾች መጀመሪያ የሚጠይቁት የትኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንደሚሰጥ ነው። እኔም ጠይቄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከጥያቄዎቼ ሁሉ ክብደት ያልነበረው እሱ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር በፓይተን ጀመርን፤ በሁለተኛው ወደ ሲ ተሸጋገርን። ፓይተን በራሱ የሚከውነውን የሜሞሪ አያያዝ ሲ ለፕሮግራመሩ ስለሚተወው ሽግግሩ ብዙዎቻችንን አስጨነቀ። የሽግግሩ ዓላማ ግን ሁለተኛ ቋንቋ ማስለመድ አልነበረም፤ ማሽኑ ቁጥርን እንዴት እንደሚይዝ በዓይናችን እንድናይ ነበር። 0.1 እና 0.2 ተደምረው ከ0.3 ጋር እኩል አለመሆናቸውን በስክሪን ላይ ካየን በኋላ፣ መምህራችን 0.1 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማብቂያ የሌለው ተደጋጋሚ ክፍልፋይ እንደሚሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው መስፈርትም ይህን ቁጥር አጠጋግቶ በ64 ቢት ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጠው ደረጃ በደረጃ አሳዩን። በሚቀጥለው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ1996 የአሪያን 5 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ለምን እንደከሸፈ ተማርን፦ ባለ 64 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር (የአሥርዮሽ ክፍል ሊኖረው የሚችል ቁጥር) ወደ ባለ 16 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሲቀየር ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስለሆነ፣ ሮኬቱ 40 ሰከንድ ያህል ብቻ ቆይቶ ተበታተነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድን ተለዋዋጭ (በኮድ ውስጥ እሴት የሚይዝ ስም) ዓይነት ሳላስብ መርጬ አላውቅም።

የትምህርት ክፍሉ ዋና ሀብት የአልጎሪዝም ኮርሱ ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ ልናገርበት እወዳለሁ። በቅደም ተከተል ከተደረደሩ አንድ ሚሊዮን ስሞች መካከል አንዱን ለማግኘት በየጊዜው ግማሹን እየጣልን ብንሄድ 20 ያህል ንጽጽር እንደሚበቃን ማንም ተማሪ በአንድ ሰዓት ይረዳል። የእኛ መምህርት ግን በዚያ አላቆሙም። «ትክክል ስለመሆኑ ማረጋገጫችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁና ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ እውነት ሆኖ የሚቆየውን ሐሳብ በጽሑፍ እንድናስቀምጥ አዘዙን። ሁላችንም በመሠረቱ ትክክለኛ ማረጋገጫ አቀረብን። ከዚያም የሁላችንም ኮድ ስህተት እንዳለበት አሳዩን። መካከለኛውን ቦታ ለማግኘት የታችኛውንና የላይኛውን ወሰን ደምረን ለሁለት ስናካፍል፣ ድምሩ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ሊይዝ ከሚችለው 2147483647 ካለፈ ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጣል። ይኸው ስህተት በጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ተደብቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ወጥቷል። መፍትሔው በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለሁለት አካፍሎ በታችኛው ወሰን ላይ መደመር ነው። ማረጋገጫችን የሒሳብ ቁጥሮችን የሚመለከት እንጂ የማሽኑን ቁጥሮች የሚመለከት እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ከቪዲዮ ብቻ ይገኛል ብዬ አላስብም፤ ተማሪው መጀመሪያ በራሱ ሥራ መተማመን፣ ከዚያም በሚያከብረው ሰው ፊት መታረም አለበት።

የስሌት ንድፈ ሐሳብ ኮርሱ በብዙዎች ዘንድ እንደ ደረቅ ትምህርት ይቆጠራል፤ እኔ ግን ከተማርኩት ሁሉ ለሥራ የጠቀመኝ እሱ ነው ለማለት እደፍራለሁ። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ማንኛውም የስሌት ዘዴ ሊፈታው የማይችል ጥያቄ መኖሩን ማረጋገጡን፣ ስቲቨን ኩክ በ1971 የኤንፒ ምሉዕነትን (ፈጣን መፍትሔ እስካሁን ያልተገኘላቸውን፣ ለአንዱ ቢገኝ ግን ለሁሉም የሚገኝላቸውን ችግሮች) ሐሳብ ማቅረቡን፣ ሪቻርድ ካርፕም በቀጣዩ ዓመት 21 የታወቁ ችግሮች የዚሁ ቤተሰብ አባላት መሆናቸውን ማሳየቱን ተማርን። በሦስተኛ ዓመት በቡድን ሆነን የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ የሚደለድል ፕሮግራም ስንሠራ፣ ፍጹም የሆነ ድልድል በፍጥነት የሚያወጣ ዘዴ ፍለጋ ሦስት ሳምንት አጠፋን። በኋላ አንዷ የቡድናችን አባል ችግሩ ከካርፕ 21 ችግሮች አንዱ የሆነው የግራፍ ቀለም መቀባት ችግር (በመስመር የተያያዙ ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም ሳይኖራቸው ሁሉንም በጥቂት ቀለም መቀባት) መሆኑን አስተዋለች። ያን ዕለት ፍለጋውን ትተን በቂ የሆነ ድልድል የሚያወጣ አቋራጭ መጻፍ ጀመርን፤ በአራት ቀን ጨረስን። የማይቻለውን ወይም እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ለይቶ ማወቅ ጊዜንም ገንዘብንም ያድናል።

የዳታቤዝና የኔትወርክ ኮርሶቹ ደህና ነበሩ፤ ከዚያ የበለጠ የምለው የለኝም። የሶፍትዌር ምሕንድስና ኮርሱ ግን አሳዝኖኛል። የማስተማሪያ ስላይዶቹ ለዓመታት አልታደሱም፤ የኮድ ታሪክን ለመያዝ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ጊት የተጠቀሰው በአንድ ስላይድ ብቻ ነበር። የቡድን ሥራው ውጤት ለአባላት ሁሉ እኩል ስለሚሰጥ፣ አምስት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ሁለቱ ሲሠሩ ሦስቱ ያልፋሉ። ማን ምን እንደጻፈ ከጊት ታሪክ በቀላሉ ማየት ሲቻል ይህ ሳይደረግ መቅረቱ ለታታሪ ተማሪዎች ፍትሕ ማጓደል ነው።

ከሁሉ የከፋው ድክመት እርማቱ ነው። የቤት ሥራዎች የሚታረሙት በፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የሚመልሰው «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ከተማሪው ብዛት አንጻር የማሽን እርማት ማስፈለጉን እረዳለሁ። ነገር ግን ኮዱ ትክክለኛ መልስ እየሰጠ ለማንበብ የማይመች መሆኑን፣ ወይም አላስፈላጊ ሜሞሪ መውሰዱን ለተማሪው የሚነግረው ሰው ከሌለ፣ ተማሪው ያንኑ ልማድ ይዞ ይመረቃል። በኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ የሁለተኛው የቤት ሥራዬ አስተያየት የደረሰኝ ሦስተኛውን ካስረከብኩ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ስህተት ስለሠራሁ ሁለት ጊዜ ተቀጣሁ። ለትምህርት ክፍሉ ቅሬታ አቅርቤ በትሕትና ተደመጥኩ፤ የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተጀመረ አንድ መልካም አሠራር ሳልጠቅስ አላልፍም፦ ኮድ የሚጽፉ የቋንቋ ሞዴሎች ከተስፋፉ ወዲህ፣ ተማሪው ያስረከበውን ኮድ ለረዳት መምህሩ በቃል ለአሥር ደቂቃ እንዲያስረዳ ይደረጋል። ብዙዎች አጉረመረሙ። እኔ ግን ረዳት መምህር ሆኜ በሌላኛው ወንበር ስቀመጥ፣ በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ የሚሰጠው አስተያየት ከሴሚስተሩ የጽሑፍ እርማት ሁሉ እንደሚበልጥ አይቻለሁ።

ወደ ምርምሩ ስመጣ ምስጋናዬ ይበዛል። ሁለተኛ ዲግሪዬን ጽሑፎችን በይዘታቸው በሚለዩ የማሽን ለርኒንግ ሞዴሎች (ከምሳሌዎች የሚማሩ ፕሮግራሞች) ላይ ስጀምር፣ አዲስ ሐሳብ ይዤ በጉጉት ቀርቤ ነበር። አማካሪዬ ግን ሐሳቤን ከመስማታቸው በፊት ቀድሞ የታተመ አንድ ውጤት መርጬ ራሴ እንድደግመው አዘዙኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሞከርኩ፤ የታተመውን ውጤት ማግኘት አልቻልኩም። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ኮዱን ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፍኩት። በመጨረሻ መረጃውን ራሱን መፈተሽ ስጀምር፣ ለመፈተኛ ከተለዩት ጽሑፎች ብዙዎቹ በማሠልጠኛው ክፍል ውስጥም እንደሚገኙ ደረስኩበት፤ እኔ የተደገሙትን አስቀድሜ አጥርቼ ስለነበር ውጤቴ ዝቅ ብሎ ነበር። ሞዴሉ ፈተናውን ያለፈው መልሱን ቀድሞ ስላየው ነው። አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን አልሸሸጉም፤ ምርምር የጀመርኩት ያን ቀን መሆኑን ነገሩኝ።

ይህ ጥብቅነት በራሴ ሥራ ላይም ተመልሶ መጣ። ያቀረብኩት ዘዴ ከነባሩ የተሻለ መስሎኝ ሠንጠረዥ ሠርቼ በሳምንታዊው ሴሚናር ላይ ሳቀርብ፣ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ሙከራውን በስንት የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር (በሥልጠናው ውስጥ በዕድል የሚወሰኑትን ነገሮች የሚያስጀምር ቁጥር) እንደሠራሁት ጠየቀችኝ። የሠራሁት በአንድ ብቻ ነበር። በአምስት የተለያዩ መነሻ ቁጥሮች ስደግመው፣ በእኔና በነባሩ ዘዴ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ነባሩ እያዘነበለ ትርጉም አጣ። የስድስት ወር ሥራዬ ከእጄ ወጣ። ነገር ግን ያ ጥያቄ በሴሚናር ክፍል ውስጥ ባይነሣ ኖሮ የተሳሳተ ውጤት በስሜ ታትሞ ይቀር ነበር። ስለዚህ አንድን የትምህርት ክፍል የሚጎበኝ አመልካች ቢቻለው በአንድ ሴሚናር ላይ እንዲቀመጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ተናጋሪው ሲጠየቅ ማየት የትምህርት ክፍሉን የምርምር ጤንነት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ያሳያል።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ሞዴሎችን ለማሠልጠን የሚያገለግሉት፣ ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ጂፒዩ የተባሉ ቺፖች ያሏቸው ሰርቨሮች ጥቂት ስለሆኑ ሥራ የሚገባው በወረፋ ነው። የጉባኤ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ወረፋው ለቀናት ይዘልቃል። በኮምፒውተር ሳይንስ፣ ከብዙ ሌሎች የሳይንስ ዘርፎች በተለየ፣ ሙሉ ጽሑፍ በገምጋሚዎች ታይቶ በጉባኤ መታተሙ ከመጽሔት ያላነሰ ክብር ስላለው፣ ተመራማሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን ላይ ይረባረባሉ። ትምህርት ክፍሉ ሰርቨር መጨመር ባይችል እንኳ የወረፋውን ደንብ ግልጽ ማድረግ ይችል ነበር፤ ቅድሚያ ማን እንደሚያገኝ እስክመረቅ ድረስ በጽሑፍ አላየሁም።

በመጨረሻ የአማካሪ ምደባን አነሣለሁ። የእኔ አማካሪ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያገኙኝ ነበር፤ ረቂቄን አንብበው በየአንቀጹ አስተያየት ይጽፉልኝ ነበር። በዚያው ዓመት የገባ ጓደኛዬ ደግሞ አማካሪውን በሁለት ወር አንድ ጊዜ ማግኘት ይቸግረው ነበር፤ መመረቂያ ጽሑፉንም ያለ በቂ እገዛ አንድ ዓመት ዘግይቶ ጨረሰ። ሁለታችንም የተመዘገብነው በአንድ ትምህርት ክፍል፣ በአንድ ፕሮግራም ነው። አማካሪ ቢያንስ በስንት ጊዜ ተማሪውን ማግኘት እንዳለበት የሚደነግግ ደንብ ስላልነበረ፣ የጓደኛዬ ቅሬታ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። አመልካቾች የአማካሪውን የጽሑፎች ዝርዝር ከማየት ባሻገር አሁን አብረዋቸው የሚሠሩ ተማሪዎችን ፈልገው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በየስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ፣ ረቂቅ ሲሰጣቸው በስንት ቀን ይመልሳሉ፣ ከእናንተ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በጊዜያቸው ተመርቀዋልን?

ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ በተለይም ሒሳብ ለማይፈራና እርማት ሲያጣ ራሱ መምህሩን ሄዶ ለሚጠይቅ ተማሪ፣ ይህን ትምህርት ክፍል ያለማመንታት እመክራለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ የምመክረው ግን አማካሪው በስም ታውቆ፣ የመገናኛው ጊዜም በጽሑፍ ከተስማሙበት በኋላ ብቻ ነው። እኔም በሚቀጥለው ዓመት ለዶክትሬት ወደዚያው ቡድን ለመመለስ ያመለከትኩት በዚሁ ስምምነት ነው።