ለሽጉጥ ጠጋኙ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንደ እኔ የሚንገላታ ሰው ካለም ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ለመጠቆም ነው። የ1851 ኮልት ኔቪን አስመስሎ የተሠራ፣ ጥቁር ባሩድና የእርሳስ ኳስ ከፊት በኩል የሚጎርስ፣ ባለ 0.36 ካሊበር ስድስት ጎራሽ ከገዛሁ ወዲህ፣ ለኢላማ ተኩስ በወጣሁ ቁጥር የማተርፈው ጭንቀት ብቻ ነበር። ካፕሱሎቹ፣ ማለትም መቺው ሲያርፍባቸው እሳት የሚሰጡት ትናንሽ የመዳብ ቆቦች፣ ገና ሳልተኩስ ይረግፋሉ፤ የተተኮሱት ደግሞ ስብርባሪያቸው መቺው ሥር እየገባ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ባሩድና ኳስ የሚገቡባቸው ስድስት ጉድጓዶች ያሉት ተሽከርካሪ ክፍል፣ አልዞር ይላል።

አስቀድሜ የጠየቅኳቸውን ሰዎች ሳስታውስ እስካሁን ሆዴ ያራል። አንደኛው 11 ቁጥር ካፕሱል ሸጠውልኝ፣ ይወድቃል ብዬ ስመለስ «በጣትህ ጨመቅ አድርገህ ክተተው» ብለው ሸኙኝ። ሌላኛው የባሩዱን መጠን ብጠይቃቸው «እስኪሞላ ጨምርበት» አሉኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ጥቁሩ ባሩድ ካለቀ ጭስ አልባውም ይሠራል መባሌ ነው። ያን ምክር ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሲሊንደሩ እጄ ላይ ሊፈነዳ ይችል እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ የሰውን ዓይንና እጅ የሚያሳጣ ነገር እንዲህ በቸልታ መናገር ይቅር የሚባል አይመስለኝም።

ስማቸው እዚህ እንዲነሳ ያልፈቀዱት እኚህ አዛውንት ባለሙያ ግን ሽጉጡን እንደተቀበሉ ባዶ መሆኑን ራሳቸው አረጋገጡ፤ ችግሬን ተናግሬ እስክጨርስም አላቋረጡኝም። ከዚያ የእኔን 11 ቁጥር ካፕሱሎች ከሲሊንደሩ ኋላ ባሉት በስድስቱም የካፕሱል ማጥለቂያ ጫፎች ላይ አጥልቀው፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንተው ነቅነቅ ቢያደርጉት ሁለቱ ወዲያው ወደቁ። 10 ቁጥሮቹን ሲሞክሩ አንዱም አልተነቃነቀም። ለወራት ያስጨነቀኝ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ተፈታ።

በዚህም አላበቁም፤ አብረውኝ ወደ ተኩስ ሜዳ ወጡ። ከሽጉጡ ጋር የመጣውን መመሪያ አስገልጠው ከተፈቀደው ጣሪያ በታች መሆኑን ካሳዩኝ በኋላ፣ በመስፈሪያ 20 ግሬን፣ ማለትም 1.3 ግራም ገደማ ባሩድ አስለኩኝ። ስለ ባሩድ ቅንጣት ያስረዱኝን ሁሉ ገብቶኛል ባልልም፣ ሦስት ኤፍ (FFFg) የሚባለውን ደቃቅ ባሩድ ግዛ ስላሉኝ እሱኑ ገዝቻለሁ። የ0.375 ኢንቹን ኳስ በመጫኛው ዘንግ ባሩዱ ላይ እስኪያርፍ ስጫነው ከእርሳሱ የተላጨ ቀጭን ቀለበት የጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረ። እሳቸውም ቀለበቱን አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና፣ «ልጄ፣ ይህ ሙሉውን ዙር ከወጣልህ ኳሱ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል ማለት ነው፤ ካልወጣልህ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ ሊዘል ስለሚችል አትተኩስ» አሉኝ። ካፕሱሎቹንም አፈሙዙ ወደ ኢላማው ከዞረ በኋላ፣ በመጨረሻ ብቻ እንድገጥም አስጠነቀቁኝ። በዚያ ቀን 18 ጊዜ ተኮስኩ፤ አንዴም አልነከሰም።

ከእኔ የተቀበሉት የካፕሱሉን ዋጋ ብቻ ነው። ማታ ደግሞ ደውለው ሽጉጡን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካደረ ብረቱን እንደሚያዝገው የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ በግምት ከመሙላታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ አድራሻቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። አባቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።