በጣና ላይ የኤሌክትሪክ የመልሕቅ ዊንች፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ ተሳፋሪ የሚያመላልስ የ11 ሜትር የብረት ጀልባ አለኝ። ባለፈው ሰኔ በጀልባዬ የፊት ጫፍ ላይ ባለ 12 ቮልት፣ የ1,000 ዋት የኤሌክትሪክ የመልሕቅ ዊንች፣ ማለትም መልሕቁን ከነሰንሰለቱ ስቦ የሚያነሣ ማሽን አስገጠምሁ። ይህን አስተያየት የምጽፈው በየካቲት፣ ዕቃው አንድ ክረምትና አንድ የጥምቀት ሰሞን ካየ በኋላ ነው።

ጣና ላይ ዊንች ምን ይሠራል የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ከመሬት የተነሣ አይደለም። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታም ከ15 ሜትር አይዘልም። አብዛኞቻችን በዘጌም ሆነ በክብራን ገብርኤል ከመውረጃው ድንጋይ ጋር ገመድ አስረን እንቆማለን። ይሁን እንጂ በበዓል ቀን መውረጃው በጀልባ ሲጣበብ ራቅ ብሎ መልሕቅ መጣል ግድ ነው። ወደ ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ናርጋ ሥላሴ የተጓዘ ሰው ደግሞ መመለሻው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፣ ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ የነበረው ውኃ ያን ጊዜ ሌላ ጠባይ ይዞ ይጠብቀዋል። እኔን ያስወሰነኝ ግን የረዳቴ ወገብ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን መልሕቅ ከነሰንሰለቱ በደለል ተለውሶ በእጅ ሲጎተት ስንት እንደሚከብድ የሚያውቀው የጎተተው ነውና፣ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለዚህ ነገር ማሽን ይፈልጉለት፤ አለዚያ ለእኔ ምትክ ይፈልጉ» አለኝ።

ምርጫው የሚጀምረው ከክብደት ስሌት ነው። መልሕቅ የምጥልባቸው ቦታዎች 5 ሜትር ያህል ጥልቀት አላቸው፤ የጀልባው ጫፍ ከውኃው በላይ 1 ሜትር ስለሚነሣ ድምሩ 6 ሜትር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ በሰንሰለት ለሚጣል መልሕቅ የዚህ 5 እጥፍ መልቀቅ የተለመደ ስለሆነ 30 ሜትር ሰንሰለት በቃኝ። የ10 ሚሊሜትር ሰንሰለት በሜትር 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከመልሕቁ ጋር ሲደመር 89 ኪሎ መጣ። የዊንቹ ከፍተኛ የመሳብ ዐቅም ከዚህ ክብደት ቢያንስ 3 እጥፍ እንዲሆን ስለሚመከር፣ ከ267 ኪሎ በታች የሆነውን ሁሉ ከዝርዝሬ ሰረዝሁ። እዚህ ላይ ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ከፍተኛው የመሳብ ዐቅም መሆኑን ነው፤ ዊንቹ ሳይጨነቅ የሚሠራበት ጭነት ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በትንሹ የተጻፈውንም ማንበብ ይገባል።

ዘንጉ ወደ ላይ ከቆመውና ከተጋደመው ዓይነት የመረጥሁት የቆመውን ነው። በቆመው ዓይነት ሰንሰለቱ መዘውሩን (ቀለበቶቹ የሚገቡበት ጎድጓዳ ያለውን የዊንቹን ተሽከርካሪ) ግማሽ ዙር ያህል ተጠምጥሞ ስለሚይዝ የመሾለክ ዕድሉ ያነሰ ነው፤ በተጋደመው ላይ የሚይዘው ሩብ ዙር ያህል ብቻ ነው። ሞተሩም ከወለሉ በታች ስለሚገባ ተሳፋሪ የሚሰናከልበት ነገር ይቀንሳል። የተጋደመውን ለመግጠም ግን እጅግ ይቀልላል፤ ከወለሉ ሥር በቂ ቦታ የሌለው ጀልባም ሌላ ምርጫ የለውም።

ዋናውን ስሕተት የሠራሁት በሰንሰለቱ ነው። ዊንቹንና ሰንሰለቱን ያመጣልኝ ነጋዴ ሁለቱም «የ10 ሚሊሜትር» መሆናቸውን አረጋግጦልኝ ነበር፤ አልዋሸም። ችግሩ 10 ሚሊሜትር የሚለው የብረቱን ውፍረት እንጂ የቀለበቱን ርዝመት አለመናገሩ ነው። በጀርመኑ ዲን 766 ደረጃ የሚሠራው የ10 ሚሊሜትር ሰንሰለት የቀለበቱ የውስጥ ርዝመት 28 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ ደረጃ የሚሠራው ግን 30 ሚሊሜትር ነው። የእኔ መዘውር የተቀረጸው ለ28ቱ ነበር፤ የመጣልኝ ሰንሰለት ደግሞ ባለ 30 ነው። በዓይን ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ ዐሥር ቀለበት ሲዘረጋ ግን ልዩነቱ 2 ሴንቲሜትር ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን መልሕቁ ሲነሣ ሰንሰለቱ ከመዘውሩ ጎድጓዳ እየዘለለ እንደ ጥይት ይጮህ ጀመር፤ ከዚያም ጭነቱ ሲበረታ ሾልኮ መልሕቁን መልሶ ወደ ሐይቁ ጣለው። በካሊፐር ለክቼ ነገሩን እስክረዳ ድረስ ጥፋቱን ሁሉ በዊንቹ ላይ ስጭን ሰነበትሁ። የ8 ሚሊሜትር ሰንሰለት የሚበቃው አነስተኛ ጀልባ ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ በዚያ ልክ ሁለቱም ደረጃዎች 24 ሚሊሜትር ናቸውና።

ሁለተኛው ስሕተት የሽቦ ነው። 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 83 አምፔር ይሆናል፤ ይህን ያህል ጅረት ከኋላ ካለው ባትሪ እስከ ፊት ጫፍ 8 ሜትር ሄዶ 8 ሜትር ይመለሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በእጁ የነበረውን ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ዘረጋልኝ። መልሕቅ ሲነሣ በባትሪውና በሞተሩ ጫፎች መካከል ያለውን ልዩነት ስንለካ 1.4 ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀር ነበር፤ ዊንቹ እያቃሰተ ይዞራል፣ ሽቦውም ይሞቃል። በባለ 50 ካሬ ስናስለውጠው የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ወረደ፤ ዕቃው ሌላ ዕቃ መሰለ። መዳብ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሽቦውን ሒሳብ ከዊንቹ ዋጋ ጋር አብሮ ያልያዘ ሰው ግን ዊንቹን በግማሽ ጉልበቱ እንደገዛው ይቁጠረው። ብሬከሩ በባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ መልሕቅ የሚነሣውም ዲናሞው እንዲያግዝ የጀልባው ሞተር በርቶ ነው።

የብየዳው ሥራ በሁለት ቀን አለቀ። በያጁ ከወለሉ ሥር የ8 ሚሊሜትር ላሜራ ደርቦ ቡሎኖቹን በእሱ ላይ አሰረ፤ የዊንቹ አካል አሉሚኒየም ስለሆነም ከጀልባው ብረት ጋር ተነካክቶ እንዳይበላ በመካከሉ የጎማ ጓርኒሲዮን አስገባን። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው እንዲህ ያለው ዝገት በባሕር ላይ እንደሚፈጥነው አይፈጥንም፤ ስለዚህም ለማይዝገው ብረት ሰንሰለት ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገኝም፣ ጋልቫናይዝድ የተደረገው ይበቃል። የሰንሰለቱ ማስቀመጫ ሣጥን ግን ጥልቅ መሆን አለበት። ሰንሰለቱ እንደ ጤፍ ክምር ወደ ላይ ሾጥጦ ስለሚከመር፣ በክምሩ ጫፍና በዊንቹ መካከል 30 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ካልቀረ ወደ ኋላ ተመልሶ ይወተፋል።

በአጠቃቀም ረገድ ዕቃው አላሳፈረኝም። የሚያበላሸው ሰው ነው። ዊንች መልሕቅን ለማንሣት እንጂ ጀልባን ለመጎተት አልተሠራም፤ በሞተር ወደ መልሕቁ ቀስ እያሉ ሰንሰለቱን ላላ ሲል መሰብሰብ ነው። በደሴቶቹ ዙሪያ ባለው ጥቁር ድንጋይ መልሕቃችን አንድ ጊዜ ተሰንቅሮ፣ ረዳቴ እግሩን ከማብሪያው አላነሣ ብሎ ብሬከሩ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በመልሕቁ የኋላ ጫፍ ላይ ቀጭን ገመድ አስሬ በባዶ ጀሪካን አንሳፍፈዋለሁ፤ ሲያዝ በዚያ በኩል ይሳባል። ቆመን በምናድርበት ጊዜም ጭነቱ በዊንቹ ጥርሶች ላይ እንዳይሆን ሰንሰለቱን በመንጠቆና በናይለን ገመድ ከጀልባው ማሰሪያ ጋር አያይዘዋለሁ።

አምራቹን የምወቅስበት አንድ ነገር አለ፤ የእግር ማብሪያው መክደኛ እጅግ ስስ ስለሆነ በተሳፋሪ ጫማ ይከፈታል። በጥምቀት ሰሞን የፊተኛው ወለል ነጠላ በለበሱ እናቶች ተሞልቶ ሳለ የነጠላ ጥለት በሚዞር መዘውር አጠገብ ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። አሁን ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት ብሬከሩን ራሴ አጠፋለሁ፤ በዊንቹም ላይ ከላሜራ የተሠራ ቆብ ይደፋበታል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ሰንሰለቱን በዲን 766 አስለውጫለሁ፤ ነጋዴው የቀድሞውን አልቀበልም ስላለ 30 ሜትሩ ሰንሰለት በግቢዬ ተቀምጧል፤ ጥቂት ቀለበት ተቆርጦለትም የግቢውን በር በደንብ ይዘጋል።