ለደሴዋ የዓይን ነርስ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የዓይን ክሊኒክ የምትሠራውን ነርስ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጽፈውም፤ ክሊኒኳን የረገጠ ሁሉ ግን ያውቃታል።

አባቴ ከወረኢሉ የመጡት ቁርዓን ማንበቢያ መነጽር ለማሠራት ብቻ ነበር። እሷ ግን መነጽሩን ከመለካቷ በፊት የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ በጣቷ ዝቅ አድርጋ ተመለከተች። ቀላ ማለት የነበረበት የውስጡ ሥጋ ነጥቷል። «አባባ፣ ዳገት ሲወጡ ይደክምዎታል? ሰገራዎስ ጠቁሯል?» አለቻቸው። ሁለቱም እውነት ነበር። ወዲያው ለደም ምርመራ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው፤ ደማቸው በጣም አንሶ ተገኘ። ለጉልበታቸው ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲውጡት የከረሙት ዲክሎፌናክ ጨጓራቸውን አቁስሎ ውስጥ ለውስጥ ያደማቸው ኖሯል። ከጨጓራ የሚፈስ ደም አንጀት እስኪያልፍ ተለውጦ ሰገራን እንደ ሬንጅ ስለሚያጠቁር ብዙ ሰው ደም መሆኑን አይጠረጥርም። አልሐምዱሊላህ፣ ታክመው ድነዋል። እህቴ፣ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ!

ከሁሉ የማደንቅላት ጥንቃቄዋን ነው። ዓይን አይታ ብቻ በሽታ አትሰይምም። እኛ ተራ ስንጠብቅ አንዲት እናት «ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ የወፍ በሽታ ያዘኝ» ብለው ደንግጠው መጡ። ወደ ታች እንዲያዩ ነግራ የላይኛውን ቆብ ከፍ ስታደርገው፣ ተሸፍኖ የነበረው ክፍል ንጹሕ ነጭ ነበር። ዕድሜውን ፀሐይና አቧራ ላይ የኖረ ሰው ዓይን የሚገለጠው ክፍሉ ብቻ ሊደፈርስ ይችላል፤ ከጉበት ወይም ከሐሞት የሚመጣ ቢጫነት ግን የተሸፈነውንም ያዳርሳል። ይህን አስረድታ ካረጋጋቻቸው በኋላም ለማረጋገጫ ደም እንዲመረመሩ ጻፈችላቸው። ችኮላ የሌለበት እንዲህ ያለ ሥራ በየቦታው ቢገኝ ምንኛ በወደድኩ!

ለወላጆችም አጥብቃ የምትናገረው አለ፦ የልጃችሁ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ካንሰር ነው።

ከኩታበር፣ ከሐይቅም ሆነ ከወረኢሉ የምትመጡ በጠዋት ድረሱ፤ ወረፋው ይበዛል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ ለጉልበትና ለወገብ የምትውጡትንም ጭምር።