መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር ለምታሠሩ፦ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ

ስሙን አልጽፍም። ራሱ ነው የለመነኝ፤ «ጋሼ፣ ሰው ከበዛብኝ ሥራው ይበላሽብኛል» ብሎ። ሱቁ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ የሞላት ጠባብ ክፍል። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ይህን ፈቅዶልኛል። ለምን እንደማመሰግነው ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን በኮምፒውተር እንጀራችሁን ለምትበሉ የሚጠቅም ነገር አለበት።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። በቪኤችኤስ ጀምሬ፣ በሚኒ ዲቪ አልፌ፣ ይኸው ሜሞሪ ካርድ ላይ ደርሻለሁ። በካሴት ጊዜ ሥራዬ ቢያንስ መደርደሪያ ላይ ይታየኝ ነበር፤ አቧራ ይጠጣ ነበር እንጂ በአንድ ቀን ድራሹ አይጠፋም። አሁን ሁሉም ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። አምና አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ገመዱ በእግሬ ተጠልፎ ከጠረጴዛ ወደቀና ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ያን ድምፅ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ውስጡ ከነበሩት ሰርጎች የአንዱ ሙሽራ ከወራት በኋላ ደውላ ቅጂ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት ፍላሽ ጠፍቶባታል፣ በሰርጉ ቀን የመረቋት አባቷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። ምን ብዬ እንደመለስኩላት እዚህ አልደግመውም።

ወደ ዲስክ ልመለስ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ለኔ ዓይነቱ ሥራ አልሆነልኝም፤ የአንድ ሰርግ ፋይል ተጭኖ እስኪያልቅ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና ያስነሳሉ። ዲቪዲ ደግሞ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ነው። የሦስት ሰዓት ያለቀ ፊልም በጥሩ ጥራት ሳወጣው 34 ጊጋ ገደማ ይሆናል፤ ስምንት ዲቪዲ ላይ ቆራርጬ ላስቀምጠው ነው? ብሉ ሬይ የሚባለው የዲቪዲ ታናሽ ወንድም ግን ስፋቱ ያው 12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ባለ አንድ ንብርብሩ 25 ጊጋ፣ ባለ ሁለቱ 50፣ ባለ ሦስቱ 100 ጊጋ ይይዛል። የወንድሜ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ሲፒዩ ውስጥ የሚገጠም የብሉ ሬይ ራይተርና አንድ እሽግ ዲስክ ይዛልኝ መጣች። ለምን ከውጭ የሚሰካውን አልገዛህም ያላችሁኝ አላችሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ የሚጠለፍ ገመድ አልፈልግም፣ መልሴ ይሄ ነው። ጥር አልቆ ሰርጉ ጋብ እስኪል ጠበቅሁና ጾሙ ሳይገባ ሲፒዩዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ሱቅ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም። ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ድራይቩን ገጠመልኝ። ቁልፉን ሲጫነው ትሪው ወጣ፣ ገባ። ደስ አለኝ። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ድራይቭ የሚባል ነገር የለም። ነቀለ፣ ሰካ፣ አስነሳ፤ የለም። «ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለኝ። ቆየት ብሎ ሐሳቡን ለወጠና «ማዘርቦርዱ አርጅቷል፣ ይቀየር» አለ፤ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ሲፒዩዬን አቅፌ ወጣሁ።

ወደዚህ ልጅ የላከኝ የሙያ ጓደኛዬ ነው። ስገባ የሰው ላፕቶፕ ከፍቶ ነበር። ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አለኝ። «ትንሽ» ያላት ሃምሳ ደቂቃ ሆነች። ተራዬ ሲደርስ ግን ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ ነው የጀመረው። ፊልም ሊያዩበት ነው ወይስ ፋይል ሊያስቀምጡበት? ከዚህ በፊት ማን ነክቶታል? ምን ጨመረበት? አምና ኤዲቲንጉ እንዲፈጥንልኝ ኤም ዶት ቱ የሚሏትን፣ ማዘርቦርዱ ላይ የምትተኛዋን ቀጭን ኤስኤስዲ፣ ፈጣኗን የፋይል ማስቀመጫ፣ አስገብቼ ነበር። ከድራይቩ ጋር ምን ያገናኛታል ብዬ እንደ ዋዛ ነው የነገርኩት። እሱ እዚያ ላይ ቆም አለ።

የማዘርቦርዱን ሞዴል ከሰሌዳው ላይ አነበበና መመሪያውን ስልኩ ላይ አወረደ። ይህን ያህል ዓመት ኮምፒውተር ሳሠራ መመሪያ የሚያነብ ሠራተኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ገጹን በጣቱ እያጎላ አንዲት በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ማስታወሻ አሳየኝ፦ ኤም ዶት ቱው ቦታ ከተያዘ አምስተኛው የሳታ መሰኪያ (ሃርድ ዲስክና የዲስክ ድራይቭ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩበት) ሥራ ያቆማል። ሁለቱ አንድ መንገድ ይጋራሉ ማለት ነው። በሁሉም ማዘርቦርድ እንዲህ እንዳልሆነ፣ እንደ ሞዴሉ እንደሚለያይ ነገረኝ። ያኛው ሱቅ ድራይቩን የሰካው የት ይመስላችኋል? አምስተኛው ላይ። ትሪው የሚወጣ የሚገባው ኃይሉ በሌላ ገመድ ስለሚመጣለት ነው፤ ዳታው ግን መውጫ አልነበረውም። ልጁ ቀጭኑን ገመድ ነቅሎ ሁለተኛው ላይ ሰካው። ሲነሳ ድራይቩ ከዊንዶውስ በፊት በሚመጣው ባዮሱም ላይ፣ ዊንዶውሱም ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ እኮ ማዘርቦርድ ልገዛ ነበር!

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሸኘኛል። እሱ ኮምፒውተሩን አጠፋና ድራይቩን መልሶ ከቦታው አወጣው። ከጎኑ የነበረውን ብሎን ፈቶ መዳፉ ላይ አኖረ፤ ከመሳቢያው ሌላ ብሎን አምጥቶ አጠገቡ አደረገና ወደ መብራቱ አስጠጋልኝ። ከሩቅ መንታ ናቸው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን የአንደኛው ጥርስ ሰፋፊ ነው፣ የሌላው ደቃቅ ነው። ሰፋፊው የሃርድ ዲስክ ነው። ደቃቁ፣ ኤም 3 የሚሉት፣ የዲስክ ድራይቭ ነው። ያኛው ሱቅ የሃርድ ዲስኩን ብሎን በጉልበት አስገብቶት ኖሮ የአንዱ ቀዳዳ ጥርስ ተበልቷል፤ የብረት ብናኙ ቀዳዳው አፍ ላይ ያብለጨልጫል። «ይቺ ማዘርቦርዱ ላይ ብትወድቅ ነበር ጉዱ» እያለ በብሩሽ ወደ ወረቀት ጠረጋት። ድራይቩን በቀሩት በሦስቱ ቀዳዳዎች አሰረው። ሦስት ይበቃል አለ። እስካሁን ስጠቀምበት ሲንቀጠቀጥ አልሰማሁትም።

ቀጥሎ የኃይል ገመዱን ያዘ። ያኛው ሠራተኛ ከፓወር ሰፕላዩ ትርፍ የሳታ ጫፍ አጣሁ ብሎ፣ ከድሮው ባለ አራት ቀዳዳ ሞሌክስ ወደ ሳታ የሚለውጥ ርካሽ ገመድ ነበር የሰካልኝ። ልጁ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ይሄንን ቤትዎ አይውሰዱት።» ለምን ስለው በምላጭ ጫፉን ሰነጠቀው። ሽቦዎቹ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ ፈሶባቸው ነው የተሠራው፤ ውስጥ ለውስጥ ቢጫውና ጥቁሩ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። እንዲህ ዓይነቱ ውሎ አድሮ ሞቆ እሳት እንደሚያስነሳ ነገረኝ። ከዚያ በሲፒዩው በሌላኛው ጎን ያለውን ክዳን ከፈተ፣ ከገመዶቹ ጥቅል መሃል እጁን ሰደደና ትርፉን የሳታ ጫፍ ጎትቶ አወጣው። ለካ ፈልጎ ያየ ሰው አልነበረም እንጂ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

እየሠራ ሳለ፣ ያችው 12 ሳንቲ ሜትር ዲስክ እንዴት ይህን ሁሉ ትይዛለች ብዬ ጠየቅሁት። «ብራናው ያው ነው ጋሼ፣ መቃው ነው የቀጠነው» አለኝ። ዲቪዲን የሚያነበው ቀይ ጨረር የሞገዱ ርዝመት 650 ናኖ ሜትር ነው፤ የብሉ ሬዩ ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ፣ 405 ናኖ ሜትር። ጨረሩ ሲቀጥን ነጥቦቹ ያንሳሉ፣ መስመሮቹም ይጠጋጋሉ። ይህ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት ሳያልፍ አልቀረም ብያለሁ በልቤ።

ሙከራውን ያደረገው በራሱ ዲስክ ነው፤ ተሰርዞ ደግሞ በሚጻፍበቱ። የኔን አዲስ ዲስክ ላለማባከን ብሎ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዲስክ የሚጻፈው በ2 እጥፍ ፍጥነት ነው፤ 25 ጊጋው 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ገና 15 ደቂቃ እንደሄደ መብራት ጠፋ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ምን ይደረጋል። «የእርስዎ አንዴ ብቻ የሚጻፍበቱ ቢሆን ይሄኔ ጓሮ ሰቅለው ወፍ ያባርሩበት ነበር» አለኝ። መብራት እስኪመጣ ስለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን፣ ጠየቀኝ። አለኝ ግን ሁለት ደቂቃ አይቆይም፣ አዲስ ልገዛ ነው ስለው «አዲስ አይግዙ፣ ባትሪውን ብቻ ያስቀይሩ» አለኝ። ባትሪም እኮ አይሸጥም ልጁ፤ ሌላ ሰው ጋ ነው የላከኝ። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ጻፈው። ጽፎም አልበቃውም፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ከኮምፒውተሩ ፋይል ጋር አንድ በአንድ አስተያየው። ትክክል ሲሆን ነው ካቻቪቴውን ወደ መሳቢያው የመለሰው።

ሌላም የመከረኝ አለ። ዊንዶውስ ብቻውን የብሉ ሬይ ፊልም አያጫውትም፤ ለዚያ ፕሮግራም መግዛት ያስፈልጋል። ፋይል ለሚያስቀምጥ ሰው ግን አያስፈልግምና ገንዘብዎን አይጣሉ አለኝ። ባለ 100 ጊጋውን ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ድራይቫችሁ ላይ የኤክስ ኤል ምልክት መኖሩን እዩ፤ ከሌለ አይጽፍበትም። ዲስክ ካገኛችሁ ደግሞ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ። ሶኒ የሚጻፍባቸውን የብሉ ሬይ ዲስኮች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ማምረት አቁሟል፤ ሌሎች አምራቾች አሉ፣ ግን ገበያው እየጠበበ ነው። ለደንበኞቼ አሁንም በፍላሽ ነው የማስረክበው፤ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ያለው ቤት ስንት አለ? ዲስኩ የኔ መጠባበቂያ ነው።

ለዚህ ሁሉ የጠየቀኝ 600 ብር ነው። አንድ ሺህ ሰጥቼው መልሱን ተወው ስለው እምቢ አለ፤ ተግደርድሮ ሳይሆን የምሩን ነው፣ አራት መቶዬን ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረልኝ። ለልጁ ማርና ዳቦ ይዤለት ልሄድ ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ቀጠሮ አያከብርም። ዛሬ ይደርሳል ያላችሁ ነገ ነው የሚደርሰው፣ ምክንያቱም የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ሕንፃው ሊፍት አለው፣ እኔ በሄድኩበት ቀን ግን አልሠራም፤ ከባድ ሲፒዩ ያላችሁ ጎረምሳ ይዛችሁ ሂዱ። ስትሄዱም ከዚህ በፊት ኮምፒውተሩን ማን እንደከፈተውና ምን እንደጨመረበት አስታውሳችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የዘንድሮን የጥር ሰርጎች በሁለት በሁለት ቅጂ ጽፌ ጨርሻለሁ። አንዱ ስቱዲዮዬ፣ አንዱ እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት አያነሳም።