ፌሮ ቆጥራችሁ አትግዙ፣ መዝኑት

ፌሮ በዘንግ ቆጥራችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ባለ 12» ተብሎ 11 ሚሊሜትር መሸጥ የቆየ ማጭበርበር ነው። «አንድ ሚሊ ምን አላት?» የሚል ሻጭም አይጠፋም።

ብዙ አላት። ፌሮ የሚችለው ጭነት የሚወሰነው ሲቆረጥ በሚታየው ገጽ ስፋት ነው፤ ስፋቱ ደግሞ ከውፍረቱ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል። ከ12 ወደ 11 ሲቀንስ ገጹ ከ113 ወደ 95 ካሬ ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ማለትም 16 በመቶ ይጎድላል። ከ10 ወደ 9 ከሆነ ጉድለቱ 19 በመቶ ነው። ደረጃው 500 ሜጋፓስካል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሆነ ትክክለኛ ባለ 12 ፌሮ እስከ 5.7 ቶን ገደማ ሲጎተት ቆይቶ ቢለቀቅ ወደ ነበረበት ርዝመት ይመለሳል። 11ዱ ግን 4.8 ቶን ላይ እጅ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የተለጠጠው ተለጥጦ ይቀራል። ቢምና ሶሌታ ውስጥ ጉተታውን የሚሸከመው ፌሮው ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ቢሆንም ሲጎትቱት የሚችለው የዚያን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ፌሮው ቀድሞ ከተለጠጠ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ቢሙም ይጎብጣል።

ሻጩ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አውጥቶ ቢለካላችሁ አትርኩ። ጥርሱ (በፌሮው ገጽ ላይ ከፍ ከፍ ያለው መስመር) ላይ ከለካ ከእውነቱ ይበልጣል፣ በጥርሶቹ መካከል ከለካ ደግሞ ያንሳል። የትኛውን እንደሚያሳያችሁ መገመት አያቅትም። የማይዋሸው ሚዛን ነው። ከጥቅሉ መሃል (ደህናውን ዳር ዳር አድርጎ ማሰር የታወቀ ዘዴ ነው) ሁለት ሦስት ዘንግ አስወጡ፤ ከእያንዳንዱ ልክ 1 ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ አስቆርጡና በግራም ሚዛን መዝኑ። ባለ 8 ከሆነ 395፣ ባለ 10 617፣ ባለ 12 888፣ ባለ 14 1,208፣ ባለ 16 1,578 ግራም መምጣት አለበት። ሌላ ውፍረት ካጋጠማችሁ ሚሊሜትሩን በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉ፤ መልሱ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ከ8 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ፌሮ የሚፈቅደው ልዩነት 4.5 በመቶ ብቻ ነው። ባለ 12ቱ ከ848 ግራም በታች ከመዘነ መልሱት። 11 ሚሊሜትር የሆነው 746 ግራም አካባቢ ስለሚመጣ ለክርክር አይመችም። የዘንጉን ሙሉ ርዝመትም በሜትር ለኩ።

ክብደቱ ሞልቶ ብረቱ ራሱ መጥፎ ሊሆንም ይችላል። «ይኸው፣ በእጅ አይታጠፍም» የሚለውን ማስረጃ አትቀበሉ። ደካማውም ብርቱውም ብረት እጅ እስኪሰጥ ድረስ በእኩል ጉተታ የሚለጠጠው እኩል ነው፤ ባለ 500ው እንኳ እዚያ ሲደርስ የተለጠጠው በሜትር 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን እጅም ዓይንም አይለይም። ደግሞስ ከመታጠፍ መሰበር የሚቀናው ብረት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጥሩ ፌሮ ሳይበጠስ በፊት በጎበጠ ቢምና በስንጥቅ ያስጠነቅቃል፣ ተሰባሪው አያስጠነቅቅም።

ይህን ለማየት ባለ 12ቱን 48 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ክብ ብረት ዙሪያ (የፌሮው 4 እጥፍ ማለት ነው) ቀስ ብላችሁ 90 ዲግሪ እጠፉትና የውጩን ጎን በብርሃን ተመልከቱ። እዚያ ጋ ብረቱ 20 በመቶ ገደማ ተለጥጧል። ጤነኛ ፌሮ ይህን ይችላል፤ ጥርሱ ሥር ስንጥቅ ካያችሁ ግን ጥቅሉን በሙሉ ተዉት። በስለታም ጠርዝ ላይ በመዶሻ አትጠፉት፤ የውጩ ጎን 50 በመቶና ከዚያም በላይ ስለሚለጠጥ ደህናው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ፈተናውም ፍርደ ገምድል ይሆናል።

ከፈረሰ ቤት ወጥቶ የተቃናን ፌሮም ተጠንቀቁ። ዘንጉን መሬት ላይ ስታንከባልሉት ከተወላገደ፣ ወይም ጥርሱ በአንድ ወገን ከተጨፈለቀ፣ ታጥፎ የተመለሰ ነው። በዚያ ቦታ ከመለጠጥ አቅሙ ብዙውን አስቀድሞ ጨርሷል፤ ስታፋ (ዋናዎቹን ዘንጎች ዙሪያቸውን የሚይዝ ቀለበት) ልታደርጉት ስታጥፉት ከእጃችሁ ሊሰበር ይችላል። ቀለል ያለ ዝገት ግን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ ጉድጓድ ትቶ የሚታየው ነው።

ሻጩ «ቅናሽ ላድርግላችሁና ውሰዱት» ካለ፣ ወይም ፎርማኑ «ጥቂት ዘንግ እንጨምርበታለን» ካለ እሺ አትበሉ። ዘንግ ሲበዛ ክፍተቱ ስለሚጠብ ጠጠሩ ላያልፍ፣ ኮንክሪቱም ከሥር ባዶ ሊቀር ይችላል። ስንት ዘንግ፣ በምን ክፍተት የሚለውን እንደገና አስልቶ በወረቀት መፈረም ያለበት ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ነው።