ስሊፒንግ ባግ የምትገዙ ሰዎች፣ የዋጋ ስቲከሩን ልጣችሁ እዩት

ከሱቁ አሁን መውጣቴ ነው፣ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ ግን ዝም ብዬ ብተወው ነገ ሌላ ሰው እዛው ገብቶ እንደኔ ተሸውዶ ይወጣል። ተራራ ለመውጣት ዕቃ የምትገዙ፣ በተለይ ሴቶች፣ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት።

የሱቁን ስም አልጠራም፣ አይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ሙሉ በረዶ የለበሰ ተራራ ፎቶ ነው፣ ሻጩ መሀላቸው አንዱ ላይ ቆሞ ተነስቷል፣ ገና ስትገቢ "የት ነው የምትወጪው? ስንት ሜትር ነው? በቃ ለኔ ተይው" ይልሻል። የያዝሽውን ዝርዝር ይቀበልሽና ራሱ መሰብሰብ ይጀምራል፣ ያልጠየቅሽው ይጨመራል፣ አንዱን አንስተሽ ለምን ስትይው እንደ ህጻን ያይሻል። ጓደኛዬን ያቺን ለስላሳ የእግር ጉዞ ቡትስ ይዞ ሲመጣ አይቶ አውቶማቲክ ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ስር የሚገጠም ባለ ሹል ብረት) ሊሸጥለት ነበር፣ ያ ክራምፖን እኮ ሶሉ የማይታጠፍ፣ ፊትና ኋላው ላይ መያዣ ጠርዝ ያለው ጫማ ይፈልጋል፣ ለስላሳ ጫማ ላይ ቁልቁለት መሀል ነው ተነቅሎ የሚወጣብህ። ጓደኛዬ ስለሚያውቅ አልገዛም፣ የማያውቅ ቢሆንስ?

እኔ አጥብቄ የጠየቅኩት ስለ ስሊፒንግ ባጉ ነው። ቀን ብርድ ቢመታሽ ትንቀሳቀሻለሽ፣ ሌሊት ግን ያለሽ እሱ ብቻ ነው። ከፍታ ሲጨምር በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ የታችኛውን የአየር ትንበያ ይዘን ካምፑ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ሊደርስ እንደሚችል አስልተን ነበር፣ ይሄንኑ ነገርኩት። "እዛ ብርድ ላይ መተኛት ነው የምፈልገው፣ በማግስቱ ጫፍ የምንወጣበት ቀን ነው" አልኩት። አንዱን ከግድግዳ አወረደና ተጠቅልሎ የገባበትን ከረጢት ወደኔ አዙሮ በጣቱ እየነካ "ይኸው ማይነስ 25፣ ፋብሪካው ራሱ ነው የጻፈው፣ እንዲያውም ሞቆሽ ዚፑን ትከፍቺዋለሽ" አለኝ። እውነትም ታትሟል። ከቁጥሩ ከፍ ብሎ የዋጋ ስቲከር ተለጥፏል፣ የዋጋ ስቲከር ደግሞ የትም ይለጠፋል፣ ማን ልብ ይለዋል።

ሌሊቱን በዝርዝር አላወራም። የጓደኛዬ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 9 ነበር የሚያሳየው፣ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ ጃኬቴን እግሬ ላይ ጠምጥሜ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነጋ። ሌሎቹ በጨለማ ተነስተው ወደ ጫፍ ሲሄዱ እኔ ድንኳን ውስጥ ቀረሁ፣ ጣቶቼ የጫማ ማሰሪያ እንኳን አይዙም ነበር። ይሄን ጉዞ ስንት ጊዜ ነው የተዘጋጀሁበት። ከዛ ዕቃ ስሰበስብ ከረጢቱን አነሳሁት፣ ስቲከሩ ከውርጩ የተነሳ አንድ ጠርዙ ተላጦ ቆሟል። በጥፍሬ ሳብኩት። ከስሩ ሁለት መስመር ጽሁፍ። ከምፈርት ከዜሮ በታች 2። ሊሚት ከዜሮ በታች 8። ስቲከሩ እነዚህን ሁለቱን ሸፍኖ ከታች ያለውን ኤክስትሪም የሚለውን ብቻ ነው የተወው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ እነዚህ ቁጥሮች በግምት የተጻፉ አይደሉም። አይኤስኦ 23537 የሚባል መለኪያ አለ፣ ሴንሰር የተገጠመለት የሚሞቅ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አስተኝተው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው የሚለኩት። ከምፈርት የሚባለው 60 ኪሎ የሆነች፣ ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነ የ25 ዓመት ሴት ዘና ብላ ሳይበርዳት የምትተኛበት ነው። ሊሚት ደግሞ ቁመቱ 1.73 ሜትር የሆነ የ25 ዓመት ወንድ ኩርምት ብሎ የሚያድርበት። ኤክስትሪም ማለት ያቺው ሴት ለ6 ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ልትቆይ የምትችልበት ነው። ሳትሞት! ጣቷ በውርጭ ቢጎዳ እንኳን ቁጥሩ ልክ ነው ይባላል። "ሞቆሽ ዚፑን ትከፍቺዋለሽ" ብሎ የሸጠልኝ ይሄንን ነው።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። የሸጠልኝ ልጅ ሲያየኝ ማናጀሩን ጠራው። ማናጀሩ ስሊፒንግ ባጉን እንኳን አልነካውም፣ መጀመሪያ ያለው "ከስር ያነጠፍሽው ማት ደካማ ሆኖ ነው" ነው። ማቶቹን የሸጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ አልኩት፣ አንዱ አር ቫልዩው (የመሬቱን ብርድ የመከላከል አቅሙ) 2፣ ሌላው 3.5፣ ሲደራረቡ ይደመራል፣ 5.5 ላይ ነው የተኛሁት። ይሄን ስለው ትንሽ ዝም አለና "ሴቶች እኮ ሁልጊዜ ይበርዳችኋል፣ ይሄ የዕቃው ችግር አይደለም" አለኝ። እዚህ ጋ ነው ደሜ የፈላው። ሴትን ይበርዳታል ብሎ ለሴት ተብሎ የተለካ ቁጥር አለ፣ ከረጢቱ ላይ ታትሟል፣ የሸፈናችሁት እሱን ነው አልኩት።

እኔ ይሄን እያወራሁ ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ አዲስ የመጣ ካርቶን ከፍቶ ዋጋ ይለጥፋል። ያው ስሊፒንግ ባግ፣ ያው ቀለም። አንዱን ያነሳል፣ ከረጢቱን አዙሮ ጽሁፉን ይፈልጋል፣ በአውራ ጣቱ ጨርቁን ወጠር ያደርግና መለጠፊያውን ቀጭ ያደርጋል። ከምፈርትና ሊሚት ላይ። ባዶ ጨርቅ እኮ ሞልቷል፣ ከላይም ከታችም። የሚቀጥለውን ያነሳል፣ ያዞራል፣ ይወጥራል፣ ቀጭ። አየሁት፣ እሱም ቀና ብሎ አየኝ፣ እንዳየሁት አውቋል፣ እጁ ግን አላቆመም። "ይኸው፣ አሁን ፊት ለፊቴ እየሸፈነ ነው" ብዬ ለማናጀሩ አሳየሁት። ዞር ብሎ አይቶት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "እህቴ፣ ዋጋ መለጠፊያ ቦታው እዛ ነው። ተራራ ደግሞ ለሁሉም ሰው አይሆንም።" ልጁ ሳቀ።

ገንዘቡ ያናድዳል፣ ግን እንደዚህ አላንገበገበኝም። ሰው በብርድ ሊሞት የሚችልበትን ዕቃ እያወቁ እየሸፈኑ ይሸጣሉ፣ ስትመለሺ ደግሞ አቅም ስለሌለሽ ነው ይሉሻል። እኔ አጠገቤ ድንኳን ውስጥ ሰው ነበር፣ ብርዱም 9 ላይ ቆመ። 20 ቢገባስ? ብቻዋን የወጣች ብትሆንስ? "የተጠቀምሽበት ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አሳየኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ፣ በቃ።

እና ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ተዉት፣ ሶስቱንም ካላያችሁ አትክፈሉ። ሴቶች ከምፈርቱን ነው ማየት ያለባችሁ፣ ቶሎ የሚበርዳችሁ ወንዶችም እንደዛው፣ ከምትጠብቁት ብርድ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያለውን ውሰዱ። ግድግዳ ላይ ተጠቅጥቆ ብዙ የቆየ የላባ ስሊፒንግ ባግ ከሆነ አስፈትታችሁ ሲነፋ እዩት፣ ታምቆ የከረመ ላባ እንደ አዲሱ አይነፋም። ከጉዞው በፊትም ደጅ አንድ ሌሊት እደሩበት። ከረጢቱን ስቲከሩ እንዳለና ከተላጠ በኋላ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ዕቃ ልትገዛ የምትሄድ ጓደኛ ያላችሁ ይሄን ዛሬውኑ ላኩላት።